ሦስት ጊዜ የዞረችው ሰይቼንቶ

ሠርካዲስ መኪናዋን ለመሸጥ የቆረጠችው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከሩቅያ ቤት ስትመለስ ነው። ሩቅያ አዲሱ ገበያ አስፋልቱ ዳር ሹራብ እየሠራች የምትሸጥ ወዳጇ ነበረች። ባሏ ወደ ድሬዳዋ ስለተዛወረ እሷም ልትከተለው ተነሥታለች፤ የሹራብ ማሽኗን ግን ይዛ መሄድ አልፈለገችም። ድሬዳዋ ላይ ሹራብ ማን ይገዛል? ሠርካዲስ ሁለት ክረምት አጠገቧ ተቀምጣ ሙያውን ስለለመደች፣ ሩቅያ ከማንም በፊት ለእሷ ነገረቻት። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ፈላጊ አለ አለቻት።

ሠርካዲስ ዳገቱን እየወጣች አሰበች። የሰው ልብስ እያጠበች የምታገኘው ነገር ወር አያደርስም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ገና ተማሪዎች ናቸው። ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው ትንሿ የጣሊያን መኪና፣ ሰይቼንቶ።

ሰይቼንቶዋ የባሏ የስብሐት ነበረች። ስብሐት ከጳውሎስ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ዊንጌት እየተመላለሰ አሥራ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድቶባታል። በእሷ ወላድ አድርሷል፣ ሙሽራ አጅቧል፣ አስከሬንም የጫነበት ቀን አለ። ከዚያ ዓይኑ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ መብራት ቀለበት ሠርቶ ይታየው ነበር፤ ኋላ በጎን የሚመጣ ሰው ይሰወርበት ጀመር። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ ቆይቷል አሉት። ሕመሙ ሲመጣ አልተሰማውም፤ ሲሰማው ብርሃኑ ሄዷል። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ጠዋት ጠዋት አጥሩን እየዳሰሰ ሄዶ ሸራውን ይገልጥና መኪናዋን በጨርቅ ይወለውላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታቸው መካኒኩ ቶለሳ ባትሪዋ እንዳይሞት መጥቶ ያስነሣታል፤ ስብሐት ያን ጊዜ ከኋላዋ፣ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል። በሾፌሩ በር ግን አንድም ቀን አልገባም።

ምሳ ላይ ነገረችው። እጁን ታጥቦ ፎጣውን አነሣ።

«ዓይኔ ቢመለስስ?» አላት።

«ቢመለስ ሌላ እንገዛለን» አለች። «ባይመለስ ግን ልጆቹ የቆመ ብረት አይበሉም፣ ስብሐት።»

ስብሐት ረዘም ላለ ጊዜ ፎጣውን ሲያጣጥፍ ሲዘረጋ ቆየና፣ ሽጪያት፣ ስትሸጥ ግን እኔ ልኑር አላት። እሷም ይሁን አለች። ምን እንደሚያስከትል አላሰበችም።

ሠርካዲስ የጠራችው ደላላ ዓምሃ ይባላል። ምላሱ ቅቤ የሆነ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና ጎንበስ ብሎ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋን አነበበ፤ አርባ አንድ ሺህ ይላል። ፊቱ በራ። ሠርካዲስ ግን መቁጠሪያው መቶ ሺህ በሞላ ቁጥር ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ሦስት ጊዜ ዞሯል። ይህንን ስትነግረው ዓምሃ፣ እሱን ማን ጠየቀሽ፣ የተጻፈውን ማንበብ የገዢው ፈንታ ነው አላት። ነገሩ ጎርበጥ ቢላትም እሺ አለች። ውሸት መናገርና ዝም ማለት አንድ አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች።

ዓምሃ ያመጣው የመጀመሪያው ገዢ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ገና መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወር ያልሞላው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት። መኪናዋን ወደዳት። በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ መሪዋን ያዘ፣ «አርባ አንድ ሺህ ብቻ?» ብሎ ፈገግ አለ። ዓምሃ አዎ፣ ጌታዬ፣ ገና ልጅ ናት አለ። በዚህ ጊዜ ስብሐት ከበርጩማው ተነሣ።

«ሦስት ጊዜ ዞሯል፣ ልጄ» አለ። «ሦስት መቶ አርባ አንድ ሺህ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አትይዝም፣ ትተፋለች። ዘይት ትበላለች፤ ዳገት ላይ ውኃዋ ይፈላል። ሁሉም ይቻላል፤ የፊት ፍሬኗ ግን አልቋል። እንዲህ ሆና አትንዳት።»

ወጣቱ አንዴ ዓምሃን አንዴ ሠርካዲስን አየና ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዓምሃም እንዲህ ያለ ሻጭ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም እያለ ተከተለው።

የዚያን ቀን ሠርካዲስ እንደ ተቆጣችው ተቆጥታ አታውቅም። ሳትሰድበው ስድብ የሚያህል ነገር ተናገረች፤ ሩቅያ ልትሄድ መሆኗን፣ ሰው ቤት ስታጥብ እጇ መላጡን፣ ልጆቹን ሁሉ አነሣችበት። ስብሐት እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ፣ ያ ልጅ አምስት ሰው ጭኖ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን ቢረግጥና ቢያጣው ማሽኑ ላይ ተቀምጠሽ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ይበልጥ አናደዳት። ጓሮ ወጥታ የሰው አንሶላ እየጨመቀች ስታስብ ዋለች።

በማግሥቱ ስትነሣ ልቧ ቆርጦ ነበር። የፍሬን ነገር ከሆነ ፍሬኑ ይሠራ፤ ሌላውን ጉድ ለገዢው እንነግራለን፣ ተነግሮት የሚገዛ ይግዛ አለች። ቶለሳ ዘንድ ሄደች። ቶለሳ ጋራዡ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ መኪኖች አሳያትና ከሦስት ሳምንት በፊት እጁን ሊያሳርፍበት እንደማይችል በሐዘን ነገራት። ሦስት ሳምንት ማለት ደግሞ ሩቅያ ድሬዳዋ ናት ማለት ነው።

«እንግዲያው ዕቃውን አውሰኝ» አለችው። «እኔ እሠራዋለሁ። ስጨርስ ማታ መጥተህ ታይልኛለህ።»

ቶለሳ አልሳቀም። ክሪክ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ፒንሳና ከሌላ መኪና የተረፈ ደህና የፍሬን ሸራ በጆንያ አድርጎ ሰጣት፤ የሸራውን ዋጋ መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ ትከፍይኛለሽ አላት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ስብሐት በርጩማውን ጎማው አጠገብ አስጠግቶ ይናገራል፤ እሷ ትሠራለች። የጎማው ብሎኖች ዝገው እምቢ ሲሏት ቁልፉ ላይ ወጥታ ቆመችበትና በክብደቷ ፈታቻቸው። የፍሬኑ ክብ ሽፋን፣ ታምቡሩ፣ ሲወልቅ ውስጡ በጥቁር አቧራ ተሞልቶ ነበር። ስብሐት አሮጌውን ሸራ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ብረት ነክቷል አለ። ሸራውን የሚይዘውን ሞላ መልሶ ማስገባት ግን ፍዳ ሆነባት። አራት ጊዜ ተፈናጥሮ አመለጣት፤ አንዴ ጣቷን ቀደደው፤ አንዴም ጎመን መደቡ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ፈለጉት። በአጥሩ ማዶ የምታልፈው ብርቅነሽ የምትባል ጎረቤት፣ ምነው ሠርካዲስ፣ የሴት ሥራ አለቀ ወይ አለቻት። ሠርካዲስ ቀና ሳትል፣ አላለቀም፣ ይኸው አንዱ ይኼ ነው አለች። በአምስተኛው ሞላው ቦታው ገባ፤ የሌላው ጎማ በማግሥቱ ቀለል አላት።

በመጨረሻ የቀረው ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነበር። ይህ ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱ ፔዳሉን እየረገጠ ይይዛል፤ ሌላው ከታች ሆኖ ብሎኗን ይፈታል፣ ያጠብቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ሠርካዲስ ከመሬት ተነሥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ስብሐትን አየችው። እሱም ገብቶታል፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አልችልም» አላት።

«መንዳት አይደለም፤ መርገጥ ነው» አለችው። «እግርህ ያየዋል።»

በሩን ከፍታ ቆመች እንጂ አልደገፈችውም። ስብሐት ጣሪያዋን በእጁ ለካ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና ተቀመጠ። እጁ ሳይፈልግ መሪውን አገኘው። እግሩም ፔዳሉን ፈልጎ አገኘ። ከዚያ ሠርካዲስ ከመኪናዋ ሥር ተኛች።

«ርገጥ።»

«ያዝኩ።»

«ፈታሁ።» ዘይቱ አረፋ እያወጣ ፊቷ ላይ ተፈናጠረ። «አጠበቅሁ። ልቀቅ።»

እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገሙት። ዘይቱ አረፋ ሲያቆም ስብሐት ሳትነግረው ዐወቀ፤ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ጠንክሮለት ነበር። ሠርካዲስ ከሥር ስትወጣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ አገኘችው። እሷ ፊቷን ከዘይቱ ጠረገች። ማታ ቶለሳ መጥቶ መኪናዋን እስከ ጳውሎስ ነድቶ መለሳት፤ ከዚህ የተሻለ እኔም አልሠራም ብሎ ዕቃውን ይዞ ሄደ።

ገዢው የመጣው ሐሙስ ዕለት ሲሆን፣ ያመጣውም ዓምሃ አልነበረም። ያ የመሥሪያ ቤት ወጣት የገዛ መኪናውን ስለሚያማ ዓይነ ስውር ሻጭ ሻይ ቤት ተቀምጦ እየሳቀ ሲያወራ፣ ደበላ የሚባል ሰው ሰማ። ደበላ ከሱሉልታ በኩል መጥቶ ጉለሌ የከተመ፣ ሃያ ዓመት የፋብሪካ የጭነት መኪና የነዳ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። አሁን በራሱ ታክሲ መሥራት ፈልጓል። ጉዷ የታወቀ መኪና ይሻለኛል ብሎ ጠይቆ ጠይቆ ቤቱን አገኘው።

ሠርካዲስ ራሷ በመኪናዋ ዙሪያ እያዞረች አሳየችው። ኪሎ ሜትሩን፣ ማርሹን፣ ዘይቱን፣ ውኃውን አንድ በአንድ ነገረችው፤ የፊት ፍሬኗ ተሠርቷል፣ የቀረው እንዳለ ነው አለች። ከዚያ ሦስቱም ሆነው ወጡ። ደበላ ይነዳል፣ ስብሐት አጠገቡ፣ ሠርካዲስ ከኋላ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ መውጫው ዳገት ላይ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር ስብሐት፣ አሁን ወደ አንደኛ ቀይርላት፣ እስክትለምንህ አትጠብቅ አለው። ደበላ ቀየረ፤ መኪናዋም ረጋ ብላ ወጣች። ዳገቱ ራስ ላይ ከሞተሯ እንፋሎት ወጣ። እስክትበርድ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ሁለቱ ሾፌሮች ስለ ማርሽ አወሩ። ቁልቁለቱ ላይ ደበላ ሆን ብሎ ለቀቃትና ድንገት ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ አለች። እንደገና ለቀቀ፣ ረገጠ፤ ቀጥ አለች።

«ፍሬኑን ማነው የሠራው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሷ ናት» አለ ስብሐት።

ደበላ በመስተዋት ሠርካዲስን አያት፤ ቀና ብላ አየችው። ማርሹን ቀይሮ ነዳ።

ግቢ ሲደርሱ ክርክሩ ተጀመረ። ደበላ ሞተሩ ተከፍቶ መታደሱ አይቀርም፣ ማርሹም ወጪ አለው እያለ ዋጋውን ወደ ታች ሳበ። ሠርካዲስ የማሽኑን ዋጋ፣ የቶለሳን ዕዳና የመጀመሪያውን ክር መግዣ አስልታ ጨርሳ ስለነበር ከየት በታች እንደማትወርድ ታውቃለች።

«ጉዷን ሁሉ ነግረንሃል፣ አቶ ደበላ» አለች። «የጠራሁልህም ዋጋ ጉዱ ተቀንሶ ነው። ሁለት ጊዜ አይቀነስም። ካልተስማማህ በሰላም ሂድ፣ አንቀያየምም።»

ደበላ ተነሣ፤ እስከ ግቢው በር ሄደ። ሠርካዲስ አልተከተለችውም፣ አልጠራችውም። በሩ ላይ ቆም ብሎ አንገቱን አከከና ተመለሰ። እጁንም ዘረጋ።

በስም ማዛወሪያው ቀን ሌላ እንቅፋት ገጠማቸው። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አውጥተው፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ተራ ሲደርሳቸው ጸሐፊው ስብሐትን አይቶ የቀለም ሳጥኑን ገፋለት፤ ማየት የማይችል ሰው በጣት ነው የሚፈርመው አለ። ስብሐት ጣቱን አልሰጠም።

«እጄ አልታወረም» አለ በቀስታ። «የመኪናዋ ሊብሬ ላይ ያለው ፊርማዬ ነው፤ የምሸጣትም በፊርማዬ ነው።»

ጸሐፊው ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሠርካዲስ እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንሥታ ባሏን አስጨበጠችውና የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት መስመሩ ላይ አኖረች። ስብሐት ፈረመ። ጸሐፊው ሊብሬውን ገልጦ ሁለቱን ፊርማ ሲያስተያይ ቆየና ማኅተሙን አሳረፈ።

ውጪ ደበላ መኪናዋን አስነሥቶ ስብሐትን ጠራው። ለጥቂት ቀን አጠገቤ ብትቀመጥና ጠባይዋን ብታስለምደኝ ብሎ ለመነው። ስብሐት አመሰገነውና የሸጥኩትን አልሳፈርም፣ ጠባይዋን በሳምንት ትነግርሃለች አለው። እጁን ኮፈኗ ላይ አንዴ አሳረፈና ወደ ሠርካዲስ ክንድ ዞረ። ሁለቱ በእግራቸው ወደ ሩቅያ ቤት ሄዱ። ከወሩ የቀረው ሦስት ቀን ነበር።

ማሽኑን በወዛደር አሸክመው ሲገቡ ቤቱ ጠበበ። ሠርካዲስ በማግሥቱ ንጋት ላይ መርፌዎቹን ዘይት ቀብታ ጀመረች። የመጀመሪያው እጅጌ ተወላግዶ ወጣ፤ ተረተረችው። ሁለተኛውም አላማራትም፤ ተረተረችው። ስብሐት ሦስት ቀን ያህል ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጠዋት ሲነሣ እጁ የመኪናዋን መወልወያ ጨርቅ ይፈልግና ባዶውን ይመለሳል። እሷም አላባበለችውም። በአራተኛው ቀን የተተረተረው ክር እግሯ ሥር ተቆላልፎ ሲያስቸግራት ጠቅልላ አቀፈችና ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ጫፉን ፈልግ» አለችው። «በእጅ እንጂ በዓይን አይፈታም።»

ስብሐት ክሩን ዳሰሰ፣ ጎተተ፣ ተወ፣ እንደገና ጎተተ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጭኑ ላይ አንድ ድቡልቡል ክር ተጠቀለለ፤ ጠበቅ ያለና ጠንካራ፣ እሷ ከምትጠቀልለው የተሻለ። ቀጣዩን ስጪኝ አላት። ሠርካዲስ ሰጠችውና ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ ሦስተኛው እጅጌ ቀጥ ብሎ እየወረደ ነበር።