የግራጫው ጭራ

ልብስ ሰፊዋ ስለ ዶሮዎቿ ማውራት ስትጀምር ታላቅ ወንድሟ ፊቱን ያዞራል። ሹፌር ነው። ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ውስጥ ዓይኑ ያረፈው የዶሮ ቤቱ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ መኪናውን ማቆም ይፈልጋል። ለጊዜው መኪናው ደጅ ላይ፣ እሷው የሰፋችለትን ሸራ ለብሶ ያድራል። ሰውየው ለመኪናው የሚሳሳውን ያህል ለእህቱ ቢሳሳ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

አባታቸው ትተውት የሄዱት የመጨረሻው ባለረጅም ጭራ አውራ ዶሮ «ሙሽራው» ይባል ነበር። ሌሎች በየዓመቱ ላባቸውን ሲያራግፉ የሱ ጭራ ያድጋል እንጂ አይረግፍም፤ ቆጥ ላይ ሆኖ ጭራው መሬት ይጠርግ ነበር። ከዘሩ ሴት ስላልተረፈች ልብስ ሰፊዋ ከተራ ዶሮ ጋር አዳቀለችው። የተወለዱት ወንዶች ግን አድገው ላባ መቀየሪያቸው ሲደርስ ጭራቸውን አንድ በአንድ ጣሉ። ሙሽራውም በዚያው ሰሞን ሞተ።

«አለቀ በቃ» አለ ወንድሟ። «ከእንግዲህ የድስት ናቸው።»

«አንዷን ብትነካ ውርድ ከራሴ!»

ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ያይና ተስፋ ቆርጦ ያርዳቸዋል። እሷ ግን እልኸኛ ናት፤ በዚያ ላይ ነገሩ በስፌት ገብቷታል።

«ጋሼ፣ ከላይ ባይታይም ገበሩ ውስጥ አለ» አለችው። «ጭራው የሚወጣው አባትም እናትም ሲሰጡ ነው። እነዚህ ከአባታቸው ብቻ ነው የወሰዱት። እርስ በርስ ሳዳቅላቸው ግን ከአራት አንዱ ከሁለቱም ሊያገኝ ይችላል።»

«ደሞ የዶሮ ዘር ቆጠራ ጀመርሽ?» ብሎ ሳቀባት። «እሺ፤ ከሚወለዱት አንድ እንኳ ጭራውን የማይጥል ከተገኘ ቦታው ያንቺ ይሁን። ሁሉም ከጣሉ ግን አፈርሰዋለሁ።»

«ይሁን። ቃልህን እንዳትበላ!»

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፣ አደጉ፣ ላባ መቀየሪያቸውም ደረሰ። የመጀመሪያው ጭራውን ጣለ። ሁለተኛውም ተከተለ። ልብስ ሰፊዋ የረገፈውን ላባ ትጠርጋለች፤ ወንድሟ ደግሞ በዶሮ ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር ያፏጫል። በመጨረሻ ግራጫው ብቻ ቀረ። ገና ይጥል አይጥል አይታወቅም።

አንድ ቀን ከደንበኛ ቤት ልኬት ወስዳ ስትመለስ ወንድሟ ረጅም ግራጫ ላባ ይዞ ግቢው መሀል ቆሞ ጠበቃት።

«ይኸውልሽ! ግራጫውም ጣለ። መሬት ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። ነገ አፈርሳለሁ።»

ላባውን ተቀበለችውና በልማድ ገልብጣ ሥሩን አየች። በራሱ ጊዜ የረገፈ ላባ ሥሩ ደረቅና ነጭ ነው፣ ውስጡም ባዶ። የዚህ ግን እርጥብ ነበር። ደሙ ጣቷን ነካት።

«እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

«የምን እጅ?» አለና ኪሱ ከተተው። ከተተው እንጂ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አልደበቃትም።

ላባውን ፊቱ ላይ አራገበችው።

«ነቅለኸዋል! አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ ከዶሮ ጋር ተናንቀህ ነቅለኸዋል! ያደገ ላባ ሲነቀል እንዲህ አይደማም። ሥሩ ደም የሚይዘው ገና እያደገ ያለ ላባ ነው። የነዚያ ሁሉ ጭራ ረግፎ የሱ እንደ ሙሽራው ያድጋል ማለት ነው፣ ጋሼ! ዝም ብትል ኖሮ እኮ እስከ ወቅቱ ማብቂያ በጥርጣሬ ልቤ በወለቀ ነበር። ምስክሩን አንተው በእጅህ አመጣህልኝ።»

ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ እያቅጨለጨለ ወደ ቤት ገባ።

እሷ መጀመሪያ ዶሮ ቤት ገብታ ግራጫውን አየችው። ቆጡ ላይ ተኮፍሶ ቀሪውን ጭራውን ዘርግቷል። ከዚያ ትልቁን መርፌ ይዛ ደጅ ወጣች። ላባውን ደሙ እንዲታይ አድርጋ የመኪናው ሸራ ላይ ከፊት ለፊት፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት ቦታ፣ ሰፋችው። እንዳይረግፍ ክሩን ደራረበችው።