ፉሚኮ ወዴት ሄደች

1.

ኤፍራታ ያንን ጃፓናዊ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ያነበበች፣ አንብባም የገባት፣ ገብቷትም ለሌላው ማስረዳት የምትችል በኮምቦልቻ ከተማ ብቸኛዋ ሰው ናት።

ይህን ያለችው ራሷ ናት። ምስክር አልጠራችም።

2.

መጽሐፉ።

ርዕሱ «የሰባተኛው ፎቅ ባሕር» ይባላል። ሰባት መቶ አርባ ሁለት ገጽ ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ የንባብ ክበቡ እስኪያገኘው ድረስ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው መደገፊያ ሆኖ ሲያገለግል ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ ሙሔ ይህን አይክዱም። «ከባድ መጽሐፍ ነው» ይላሉ፣ ሳይስቁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሺንጂ የሚባል ሰው ከእናቱና ከእህቱ ከፉሚኮ ጋር ስድስት ፎቅ ባለው ሕንፃ ውስጥ ይኖራል። አንድ ቀን ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ባሕር አለ። (ስድስት ፎቅ ነው አላልሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። መጽሐፉ እንዲህ ነው፤ ከኔ ጋር አትጣሉ።) አባታቸው ከዓመታት በፊት ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ ፉሚኮ አባቴ ባሕሩ ጋ ነው ብላ ታምናለች። ሊፍቱ ውስጥ ትገባለች። ወንድሟን «እራት ሳይቀርብ እመለሳለሁ» ትለዋለች።

ከዚያስ?

ጣጣው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

3.

አንድን ወፍራም መጽሐፍ ለአሥራ ሁለት ሰው የማካፈያ መመሪያ።

ሀ) ምላጭ ግዢ። ያባትሽን ከወሰድሽ በማግስቱ ጺሙን ሲላጭ ይታወቅብሻል።

ለ) የመጽሐፉን ጀርባ ሰንጥቂና ስድስት ቦታ ክፈዪው። ስትሰነጥቂ ጋሽ ሙሔ በአካባቢው አለመኖራቸውን አረጋግጪ። አንድ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ሰው ተራ ሲጠብቅ ትምህርቱ ያልቃል፣ ከፋፍለን እንደ ቅብብሎሽ እናንብበው ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ ድምፁን ሲሰሙት ግን ያማቸዋል።

ሐ) እያንዳንዱን ክፍል በወስፌ ብሺና በሲባጎ ስፊው።

መ) ካለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ሽፋን ቁረጪለት። «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እያልሽ በማርከር ጻፊበት።

ሠ) ሥራውን ቤት ይዘሽ አትሂጂ።

ኤፍራታ የክበቡ ጸሐፊ ስለሆነች ሥራው የተሰጠው ለእሷ ነው። ከሀ እስከ መ ያለውን፣ ከአንድ ሽፋን በቀር፣ እጅግ በሚያምር ሁኔታ ፈጸመችው።

4.

ቤት ይዛ ሄደች።

ክፍል አራት ገና ሽፋን አልለበሰም ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ቁም ሳጥን ላይ፣ አሮጌ ደብተሮች በተከመሩበት አስቀመጠችው። እነዚያን ደብተሮች እናቷ የምታጠራቅመው ለጎረቤታቸው ለእትዬ ዘነቡ ነው። እትዬ ዘነቡ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ በወረቀት እየጠቀለሉ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ክምሩን እንዳለ አንስታ ሰጠቻቸው።

ኤፍራታ ያወቀችው ሰኞ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው ወረቀትስ?»

«የቱ ወረቀት?»

«ሽፋን የሌለው።»

«ለዘነቡ ሰጠኋት። ሽፋን የሌለው ነገር ምን ያደርግልሻል?»

አንድ መቶ ሃያ አራት ገጽ። ለጥቅል ሲሆን ስልሳ ሁለት። በነዚያ ሁለት ቀናት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ አዲስ አበባ የተሳፈረ መንገደኛ ኦቾሎኒውን ቆርጥሞ ሲጨርስ ጃፓንን ጨምድዶ በመስኮት ጣላት።

ይህን ጊዜ ሰው የሆነ ሰው ሄዶ ለጋሽ ሙሔ ይናገራል። ጋሽ ሙሔ ክፉ ሰው አይደሉም። ትንሽ ይቆጣሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ በቃ።

5.

ኤፍራታ ያደረገችው።

ክፍል አምስትን «ክፍል አራት» አለችው።

ክፍል ስድስትን «ክፍል አምስት» አለችው። ጋሽ ሙሔ ሲጀመርም «አምስትም ይሁን ስድስት፣ እንደተመቸሽ» ብለዋት ስለነበር ቁጥሩን የሚጠይቅ አልነበረም። ምዕራፎቹም ቢሆኑ ቁጥር የላቸውም፤ በየምዕራፉ ራስ ላይ ያለው ትንሽ የዓሣ ሥዕል ነው።

የገጽ ቁጥሩ ግን ነበር። ከግርጌ፣ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ያፈጣል። 372 ይልና ቀጥሎ 497።

ማስመሪያ አመጣች። ምላጩን አመጣች። የሁሉንም ክፍል፣ የእያንዳንዱን ቅጠል ግርጌ በጣት ስፋት ቀረጠፈችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። እናቷ «እንዲህ ስታጠኚ አይቼሽ አላውቅም» ብላ አንድ እንቁላል ጨመረችላት።

ጋሽ ሙሔ አገላብጠው አዩት። «ጠርዙን እንዴት አድርገሽ ነው ያስተካከልሽው? ማተሚያ ቤት ገብቶ የወጣ ይመስላል» አሏት። በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሟን አስጠሩ። ተጨበጨበላት።

እሷም


አጨበጨበች።

6.

የአንባቢ አስተያየት መስጫ ቅጽ። (ከብዙ በጥቂቱ።)

ስም፦ ኢዘዲን
የወደዱት ነገር፦ ማለቁን።
ያልወደዱት ነገር፦ ከማለቁ በፊት ያለውን።
ተጨማሪ አስተያየት፦ በሩን ይደግፍ የነበረ ጊዜ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ስም፦ ብሩክታዊት
የወደዱት ነገር፦ ባሕሩን። ሁለቴ አልቅሻለሁ።
ያልወደዱት ነገር፦ በየገጹ ዓሣ ይጠበሳል፤ እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነበርኩ።
ተጨማሪ አስተያየት፦ ያልገባቸው ሰዎች ዝም ቢሉ ጥሩ ነው።

ስም፦ ጦይባ
የወደዱት ነገር፦ ፉሚኮ ከሄደች በኋላ ማንም ምንም አለማለቱን።
ያልወደዱት ነገር፦
ተጨማሪ አስተያየት፦ እንደዚያ ነው።

7.

የንባብ ክበብ ቃለ ጉባኤ። ጸሐፊ፦ ኤፍራታ።

ኢዘዲን፦ አቦ እህትየዋ የት ገባች? ክፍል ሦስት መጨረሻ ላይ እራት ሳይቀርብ እመለሳለሁ ብላ ሊፍት ውስጥ ገባች። ክፍል አራት ሲጀምር እናትየው ሁለት ሳህን ታቀርባለች። ሰውዬውን እህት ወንድም አለህ ወይ ሲሉት የለኝም ይላል። ወላሂ ደራሲው ረስቷት ነው።

ብሩክታዊት፦ ሰርሪያሊዝም ነው።

ኢዘዲን፦ እኔም ፈተና ላይ መልሱ ሲጠፋኝ ሰርሪያሊዝም ነው ልበላቸዋ።

(ሳቅ።)

ጋሽ ሙሔ፦ እኔ ምስጢሩ ዝምታው ላይ ይመስለኛል ልጆች። ትልቅ ደራሲ የቱን መጻፍ እንደሌለበት ያውቃል።

(ጸሐፊዋን ሳል ይዟት ወጣች። ተመልሳ ገባች።)

ኢዘዲን፦ ጸሐፊያችን ሙሉውን አንብቤ ገብቶኛል እያለች ግቢውን ስትዞር ነበር። እስቲ ታስረዳን።

ኤፍራታ፦ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ኢዘዲን፦ በማን?

ኤፍራታ፦ በደራሲው ነዋ። በማን ይሆናል ታዲያ።

ጦይባ፦ እኔ ልናገር?

ጋሽ ሙሔ፦ ተናገሪ የኔ ልጅ።

ጦይባ፦ ሰው ከቤት ሲጠፋ ፊልም ላይ እንዳለው አይደለም። ሳህን ይቀነሳል። በቃ። ከዚያ ስሟን የጠራ ሰው ጥፋት ያጠፋ ይመስል ሁሉም ያየዋል። ይሄ ሰውዬ እኛ ቤት ገብቶ አይቶ ነው የጻፈው።

(ኢዘዲን ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ።)

ውሳኔ፦ የወላጆች ቀን ዕለት ጦይባ በክበቡ ስም አንድ ጽሑፍ እንድታነብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መጨረሻ ላይ እጇን ያወጣችው ጸሐፊዋ ናት።

8.

ስለ ጦይባ ልታውቁት የሚገባ።

ታላቅ እህቷ ረውዳ ትባላለች። ቤይሩት ለሥራ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ትደውል ነበር፤ ከዚያ አንድ ዓርብ ስልኩ አልጮኸም። ቀጥሎም አልጮኸ። የላካት ደላላ ስልኩን ዘጋ። እናትየው መጀመሪያ ያልሄደችበት ቢሮ፣ ያልጠየቀችው ተመላሽ አልነበረም። በኋላ የረውዳን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟ አይጠራም።

ጦይባ ይህን ለክበቡ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አሁን ደግሞ ቅዳሜ፣ እናቷ በተቀመጠችበት፣ መድረክ ላይ ወጥታ ልታነብ ነው። ሁለት ዓመት አፏ ውስጥ የተቀመጠውን ስም ለማውጣት ድፍረት የሰጣት መጽሐፉ ነው ብላ ኤፍራታ ታስባለች። ባሕር ማዶ ያለ፣ ቤታቸውን የማያውቅ ሰው እንዲህ ካለ፣ ነገሩ የእነሱ ቤት ነውር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሰውዬው ግን እንዲህ አላለም።

ዝም ያሰኘው


ምላጭ።

ኤፍራታ ብትናገር የጦይባን መደገፊያ ልትነጥቃት ነው። ባትናገር ደግሞ ጦይባ እናቷ ፊት የምትቆመው ኤፍራታ ቆርጣ በለጠፈችው ውሸት ላይ ነው። ይህን ስታስብ ምሳዋን ትታ ትነሳለች፤ ተመልሳ ደግሞ ትበላዋለች፤ ስለበላችም ታፍራለች።

9.

ያልተላኩ ደብዳቤዎች።

«ጦይባ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር፤ ብቻ እንዳትቆጪ።»
(ተቀደደ።)

«ጦይባዬ፣ እናቴ ሳታውቅ ባደረገችው ነገር»
(ተቀደደ። እናቷ ምን አደረገች?)

«ውድ ጦይባ፣ በጥረዛ ወቅት ባጋጠመ የቴክኒክ ችግር ምክንያት»
(ተቀደደ። የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ ይመስላል።)

«እኔ ነኝ።»
(ይኼኛው አልተቀደደም። ግን ቦርሳ ውስጥ ነው የዋለው።)

10.

ረቡዕ ከትምህርት ስትወጣ መናኸሪያ ሄደች። እትዬ ዘነቡ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እማዬ የሰጠችዎት ያ ወፍራም ወረቀት አልቋል?»

«ውይ የኔ ልጅ፣ እሱማ ምን የመሰለ ወረቀት ነበር። አይቀደድ፣ አይላላ። የደብተሩ እኮ ሰው እጅ ላይ ይዘረገፋል። ሌላ የለሽም?»

«የለኝም። ምናልባት የቀረ ካለ ብዬ ነው።»

ቅርጫቱን ገለበጡላት። ከሥሩ፣ ከኦቾሎኒ ገለፈትና ከጨው ጋር፣ አንድ ቅጠል ተገኘ። ገጽ 411 እና 412። እዚያው ቆማ አነበበችው።

411 ላይ ሺንጂ ዓሣ ይጠብሳል።

412 ላይ ዓሣውን ይገለብጠዋል። ዘይቱ ይረጨዋል። እጁን ውኃ ውስጥ ይነክራል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

«በዚህ ጊዜ ፉሚኮ






ወረቀቱ እዚህ ላይ አለቀ። ቀጣዩን ቃል መንገደኛ ይዞት ሄዷል። እኔንም አትጠይቁኝ፤ ቦታውን ክፍት የተውኩት ለእናንተ ነው።

ኤፍራታን ያስደነገጣት ግን ዓሣውም መስመሩም አይደለም። ስሟ መኖሩ ነው። ፉሚኮ አልተረሳችም። ደራሲው ስሟን ጠርቷታል፣ ምናልባትም በስልሳ ሁለቱም ቅጠል ላይ ሲጠራት ነበር።

11.

ሐሙስ። የቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣ ቧንቧው አጠገብ። ጦይባ እግሯን ትታጠባለች።

ኤፍራታ ሁሉንም ነገረቻት። ቁም ሳጥኑን፣ ኦቾሎኒውን፣ ማርከሩን፣ የገጽ ቁጥሩን። ስትጨርስ ወረቀቱን ሰጠቻት። ጦይባ እጇን በሻርፗ ጠርጋ ተቀበለች። ፊቱንም ጀርባውንም አነበበች። አልቸኮለችም።

«ሙሉውን አንብቤያለሁ ስትዪ ነበር» አለች።

«ከዚህ በቀር።»

«የመጨረሻውን ክፍልስ?»

«ግማሹን።»

«የቱን ግማሽ?»

ኤፍራታ ቧንቧውን አየች። «ዋናው እሱ አይደለም» አለች። ቀጥላም ከቤቷ ጀምሮ መንገድ ለመንገድ ስታጠናው የመጣችውን ተናገረች፣ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር እየታወቃት፣ ስለታወቃትም እየቀፈፋት። «ጦይባ፣ ደራሲው ዝም አላለም። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ጽሑፍሽን ውሸት አደረግሁብሽ። እናትሽ ፊት እንዴት ትቆሚያለሽ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ ብሎኛል። እህትሽን ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝ የሚመስለኝ።»

ጦይባ ቧንቧውን ዘጋች። ጫማዋን አጠለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«እኔ ቅዳሜ የማነበው ስለ ረውዳ ነው» አለች። «ጃፓኑ መግቢያው ላይ አንድ መስመር ነበር። አወጣዋለሁ።»

«እና አልተቀየምሽኝም?»

ጦይባ ወረቀቱን መለሰችላት።

«ሄደሽ ለጋሽ ሙሔ ንገሪ። እህቴን ግን ተያት። አንቺ ያጠፋሽው ወረቀት ነው።»