ገና ያልመጣው ዕቃ

«ልቀቂው» አላት። «መሪውን ልቀቂና እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ።»

የወንድሙ ሚስት መሪውን ለቀቀች። ከጋራዡ ጀርባ ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ነው። ፒክአፑ ሃያ ሜትር ያህል እንደ ጨዋ ሄደ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ ማዘንበል ጀመረ። ቸኩሎ አልነበረም። የሚሄድበትን ያወቀ ይመስል ነበር።

«አየኸው ዋርሳዬ?» አለች መሪውን መልሳ ይዛ። «ሁሌ እንዲህ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መሪውን የሚስብብኝ ነው የሚመስለኝ።»

አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነበር። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ ቢሆንም ዝቅ ብሎ አያቸው።

በጋራዡ ሚሊ ነው የሚሉት። የጎማ አላይመንት ሲያስተካክል በአንዲት ሚሊ ሜትር ከደንበኛ ጋር ስለሚሟገት የወጣለት ስም ነው። ሰባት ወር ሙሉ ይቺን መኪና ላለማየት የማይዞርበት መንገድ አልነበረም። የወንድሙ ቤት ሲሄድ እንኳ በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ዛሬ ጠዋት ግን ራሷ ይዛለት መጣች። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት የምታመላልሰው በዚህችው መኪና ነው።

ወንድሙ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። የእርሻ መንገዱ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ እየመታ ሲያስቸግረው ሞላው ላይ ብረት አስጨምሮ ከፍ አስደረጋት። ከፍ ያደረገለት ሚሊ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ወጥታ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። ወንድሙ እዚያው ሞተ፤ እንቅልፍ ወስዶት ነው ተባለ። ቦዲ ሠሪው ጣሪያዋንና በሩን አቃናላት፤ ከሥር ግን ምንም አልሆነችም ነበርና ማንም አልነካትም።

ጋራዡ ሲመለሱ መኪናዋን ማንሻው ላይ አስወጥቶ መለኪያዎቹን በአራቱም ጎማዎች ላይ አሰረ።

«እትዬ፣ እዚያው ተቀመጪ። እኔ ስለካ ነጂው ቦታው ላይ መሆን አለበት።»

«አውቃለሁ። እሱም ይነግረኝ ነበር፤ ‹ወንድሜ እንደ በግ ይመዝነኛል› እያለ ይስቅ ነበር።»

ወንበሩ አሁንም ለረጅሙ ባሏ እግር እንደተገፋ ነው። ወደ ፊት አላመጣችውም፤ ከጀርባዋ ሁለት ትራስ ደርድራ ነው የምትነዳው። ሚሊ ይህን ሲያይ ፊቱን አዙሮ የታርጋ ቁጥሩን ማሽኑ ላይ መታ።

ማሽኑ አልረሳም። የድሮው ልኬት ከነቀኑ ብቅ አለ፤ ከግርጌው በራሱ እጅ የጻፈው አለ፦ ነጂ፣ ዘጠና አራት ኪሎ። የጎማዎቹ አቅጣጫ አረንጓዴ ነው። ካስተር የሚባለው፣ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያደርገው ቁጥር ግን በሁለቱም በኩል ቀይ ነው፤ በቀኝ ደግሞ ይብሳል። መኪና ከፍ ሲል ይህ ቁጥር ይበላሻል፤ የሚቃናውም ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘው ላይኛው ክንድ በሌላ ሲቀየር ብቻ ነው። አዲሱ ልኬት ሲመጣ ከድሮው ጎን ተቀመጠ። ያው ነበር።

«ዋርሳዬ» አለች በመስኮቱ በኩል። «ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ንገሪኝ።»

«የዚያን ዕለት ሌሊት አላስተኛሁትም። ሥራ ልግባ፣ አትገቢም ተባብለን እስኪነጋ ተጨቃጨቅን። ዓይኑ ፍም መስሎ ነው የወጣው። ሰው ሁሉ እንቅልፍ ነው ሲል፣ እንቅልፉን ማን እንደነሳው እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እንዲህ አትበይ።»

«ምን ልበል ታዲያ? ልጆቹ ‹አባባን እንቅልፍ ገደለው› ሲሉኝ ዝም እላለሁ። በሆዴ ግን እኔ ነኝ እላለሁ።»

ሚሊ ሊያጽናናት የሚችልበት ቃል አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱን ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ውጦት ኖሯል።

ክንዶቹን ያኔውኑ አዝዞለት ነበር። ሰኞ ደረሱ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ መኪኖች ተሰልፈውበት፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሳለ ወንድሙ ደወለ።

«ሚሊ፣ ያ ዕቃ መጣ? መሪው እኮ አላስቀምጥ አለኝ።»

«ገና ነው» አለው። «ሲመጣ እደውልልሃለሁ።»

ይህን ሲል የክንዶቹ ካርቶን ፊቱ ነበር፤ እንዲያውም የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦበታል። በጋራዥ ይህ ውሸት አይባልም። ፋታ ለማግኘት ሁሉም የሚላት ነች፤ ደንበኛውም ያውቃታል። ወንድሙ ግን አመነው። «እሺ በቃ፣ እየታገልኩም ቢሆን ነገ እርሻው እሄዳለሁ» ብሎ ዘጋ። ነገ ሐሙስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ገና ነው» የምትለዋ ነገር ከአፉ አልወጣ አለች። ያልመጣ ዕቃ ሳይቀር «መጥቷል» እያለ ከሁለት ደንበኞች ጋር ተጣልቷል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጮህ የወንድሙን ድምፅ የሚሰማ ይመስለዋል፤ አንስቶ ሌላ ሰው ሲሆን ይቀለዋል፤ ቀለለኝ ብሎም ያፍራል። ወንድሙ ተኝቶ ይሆናል፤ መሪው እምቢ ብሎትም ይሆናል፤ ምናልባት ሁለቱም። የሚያውቅ የለም። እሷ ግን ሁሉንም ለብቻዋ ተሸክማዋለች።

«ይሠራል?» አለችው።

«ይሠራል። ሁለት ክንድ ይቀየርለታል።»

«ዕቃው አለ ወይስ ይጠበቃል?»

ሚሊ መለኪያውን ከጎማው ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

«አለ» አላት በመጨረሻ።

መሰላል አቁሞ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያዎች ሥር ካርቶኑን ጎትቶ አወጣ። ክዳኑ ላይ የብርጭቆው ክብ ምልክት እንዳለ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የታርጋውን ቁጥርና የደረሰበትን ቀን፣ ያችን ሰኞ፣ ይዟል። ሙጫው ደርቋል፤ በጥፍሩ ጫፉን ሲነካው ብድግ አለ። አንድ ጊዜ ቢስበው በቃ፣ ትናንት የገባ ዕቃ ነው። ክንዶቹን ይቀይርላታል፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ልጆቹም በሰላም ይመላለሳሉ። እሷም ያንን ሌሊት እያሰበች ትኖራለች።

ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ መልሶ ለጠፈው።

ከመሰላሉ ወርዶ በተሳፋሪው በኩል ያለውን በር ከፈተና ካርቶኑን አጠገቧ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወረቀቱ ወደ እሷ እንዲሆን አዞረው።

«ይሄ ነው?» አለች። «መቼ መጣ?»

«አንብቢው እትዬ» አላት፤ አንብባ እስክትጨርስም በሩን ይዞ ቆመ።