መንግሥት እጁን ያንሣ

ኦርፋ በሳይንቲስቱ ልጇ በዴልበርት ኮት ላይ የተሰካውን የባሕር ኃይል መለያ ከታዳሚው መሐል ሆና ያየችው፣ እሱ ቃሉን ሊሰጥ የአሜሪካ ሴናተሮች ፊት ከተቀመጠ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደሚሠራበት ምስጢራዊ ቤተ ሙከራ ያስገባው የነበረ፣ ፎቶግራፉ ያለበት መለያ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ወዲህም እጁ ስለለመደ በየጠዋቱ ይሰካዋል። ከረባቱን ስታቃናለት እንዴት ሳታየው ቀረች? “አለቀለት ልጄ” አለች በሆዷ።

የጦርነቱ ገንዘብ ስለተቋረጠ ቤተ ሙከራው ሊዘጋ ነው። የሚያተርፈው ሴናተሮቹ የሚመክሩበት አዲሱ የሳይንስ ሕግ ብቻ ነው። ያውም ሳይንቲስቶቹ እንደሚሹት ከሆነ ነው፤ መንግሥት ይክፈል፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ግን እነሱው ይወስኑ። ዴልበርትም ይህንኑ አስረዳ። ሳይንስ ያለ ነጻነት አያብብም፣ መንግሥት እጁን ያንሣ አለ።

የካንሳሱ ሴናተር ፔንዴል መነጽራቸውን አወለቁ። በእርሳቸው አገር የመንግሥት ዘር የወሰደ ገበሬ ምን እንደዘራ ይጠየቃል።

“ልጄ፣ ደረትህ ላይ ያለው የማን ነው?”

ዴልበርት ጎንበስ ብሎ አየና ጆሮው ቀላ። “የባሕር ኃይል ነው፣ ክቡርነትዎ።”

“ታዲያ በነሱ እጅ ሳለህ ሳይንስህ ጠወለገ? እኔ እንደሰማሁት በደንብ አብቦ ነበር።”

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሴናተሮቹም ገንዘቡን ማን ይዘዝበት በሚል ሲናቆሩ ሰነበቱና ሕጉን ሳያጸድቁ ተበተኑ። ኦርፋ ቶሌዶ ከተማ ላለው ወንድሟ፣ በብረታ ብረት ሱቁ ለዴልበርት የሚሆን ሥራ ይኖር እንደሆነ ጻፈች።

መልሱ ሳይደርስ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ዴልበርትን ምሳ ጋበዘው። የፈለገውን ያጥና፣ እኛ እንከፍላለን አለ። የሚያገኘውን ሳያስፈቅድ ለውጭ ሰው አይናገር እንጂ፣ ሌላ ነገር የለም። በር ላይ ደግሞ አንድ ዘበኛ ይቆማል።

ዴልበርት እየፈነደቀ መጣ። “እማ፣ ነጻ ወጣን! እንደነዚያ ሽማግሌዎች አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።”

“እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው” አለች። “ሳይጠይቅ የሚከፍል ሰው ምን ሊወስድ አስቦ ነው?”

“እናት ስትባይ ደግሞ!” ብሎ ሳማትና ሄደ።

በመከር ወራት አንድ ምሽት የተጋገረ ሥጋና ድንች ይዛለት ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች። ዘበኛው ክዳኑን አንሥቶ ሳህኑን መረመረና ለዴልበርት አቀበለው። እሷን ግን አላስገባትም። ዴልበርት ከውስጥ እጁን አውለበለበላት፤ ደስ ብሎታል።

“ይግቡ ወደ ቤትዎ እናቴ” አላት ዘበኛው። “ፕሮፌሰሩ መውጣት ሲፈልጉ ይደውሉልኛል።”

“ከውስጥ አይከፈትም እንዴ?”

“ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አያስቡ፣ ማንም አይረብሻቸውም።”

ይህን ብሎ በሩን ገፋ አደረገና ቆለፈው።