ቁልፌና የዓርቡ በርሜል

የሆስፒታሉን መድኃኒት መጋዘን ኃላፊ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቁልፌ» ይላታል። የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም። ጥበቃው «አብሮሽ ነው የሚቀበረው» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷ ግን ቀልድ አትወድም። በእሷ ዘመን አንዲት ፍሬ ኪኒን በጓሮ በር ወጥታ ገበያ አልታየችም። በዚህ ትኮራለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም።

ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ሌቦች ቀኑን እየፋቁ ይሸጡታል። ስለዚህ ቁልፌ የራሷ ደንብ ነበራት። በየወሩ የመጨረሻው ዓርብ ኪኒኑን ከማሸጊያው ትፈለፍላለች፣ ሽሮፑን ትገለብጣለች፣ ሁሉንም በርሜል ውስጥ እስኪሟሟ ታማስለዋለች። ጥበቃው የማስወገጃ ቅጹ ላይ በምስክርነት ይፈርማል፣ በርሜሉም ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቱቦ ይደፋል። «ከእንግዲህ ሰው አፍ አይገባም» ትላለች እጇን እየታጠበች። ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቷት አይደለም፤ ወደ ታችኛው ሰፈር ወንዝ ነው የሚወርደው። እናቷም የምትቀዳው እዚያው ወንዙ ዳር ካለው ጉድጓድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አስባቸው አታውቅም።

እናቷ በትኩሳት ሆስፒታሉ የገባች ዕለት «የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው፣ ቀላል ነው» ተባለ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም። ሁለተኛውም። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ እናቷ ቁልፌን በሞተች አክስቷ ስም መጥራት ጀመረች።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«ጀርሙ እነዚህን ሁሉ ተላምዷል» አለች፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ወደ ታች እያወረደች። «ከታችኛው ሰፈር እናትሽ ዘጠነኛ ናቸው። ጀርም እንዲህ የሚላመደው መድኃኒቱን በየቀኑ በጥቂቱ ሲቀምስ ነው፤ እዚያ ምን እንደሚጠጡ እንጃ።»

ቁልፌ ዝርዝሩን አነበበችው ማለት አይቻልም፤ በቃሏ ነበር የምታውቀው። አሞክሲሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዶክሲሳይክሊን። በራሷ እጅ የምትሞላው የማስወገጃ ቅጽ፣ ቁጭ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ስምንቱ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ፈለገች፣ ግን ፈራች።

«የሚሠራ የለም?»

«አንድ አለ። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው። መጋዘንሽ ውስጥ ይገኝ ይሆን?»

ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ባለፈው ዓመት ስለሆነ በርሜል ገብቶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ካርቶን አለ፤ ጊዜው በመጪው ወር ያልፋል። ቁልፌም ጥንቁቅ ናትና የዚያ ወር ቅጽ ላይ ቀድማ ጽፋዋለች።

ሮጣ ስታመጣ ጥበቃውን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ቁልፌ፣ ነገ ዓርብ ነው እኮ። በርሜሉን ውሃ ሞልቼልሻለሁ።»

ካርቶኑን እንዳቀፈች አልፋው ሮጠች። በማግስቱም ወደ በርሜሉ አልሄደችም፤ መጋዘኑን ቆልፋ እናቷ አጠገብ ዋለች። ነርሷ መርፌውን በወጋች ቁጥር ጀርሙ ይኼኛውንም ይለምደው ይሆን እያለች የእናቷን ግንባር ትዳስስ ነበር።

እሑድ ጠዋት ትኩሳቱ በረደ። እናቷ ዓይኗን ገለጠች፣ ልጇንም በትክክለኛ ስሟ ጠራቻት።

«ውሃ ስጪኝ፣ ልጄ። ከጉድጓዴ ያመጣሽልኝን። የዚህ ቤት ውሃ ብረት ብረት ይለኛል።»

ጄሪካኑ አልጋው ሥር ነበር። እናቷ ከገባች ጀምሮ ቁልፌ በየማለዳው ወንዙ ዳር ወርዳ እየቀዳች፣ ደስ ይበላት ብላ በራሷ እጅ ስታጠጣት ነው የሰነበተችው። ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ካየች በኋላ ጄሪካኑን አልነካችውም፣ ለመድፋትም ቢሆን። የት ትደፋዋለች?

አሁን ግን ከልማድ ብዛት ብርጭቆውን ሞላችው። ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው። እናቷ እጇን ዘረጋች።

«ምነው፣ አምጪው እንጂ።»

«እማዬ፣ ይኼን አትጠጪም።»

«ለምን? ውሃዬን ማን ምን አደረገብኝ?»

ቁልፌ ብርጭቆውን እንደያዘች፣ በሌላ እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።