ቁልፉን የሰበረው ሰው

መጽሐፌ በኢንተርኔት መሸጥ በጀመረ በሳምንቱ፣ እንዳይቀዳ የተደረገበት ዲጂታል ቁልፍ ተሰብሮ በቴሌግራም በነፃ ሲዞር አገኘሁት። ደሜ ፈላ። ዓይኔ እስኪቀላ ተቀምጬ የጻፍኩትን ማንም እንደ ሰርግ ጥሪ ሲቀባበለው ዝም ልል ነው?

«የገዛ ወንድሜም ቢሆን እከሰዋለሁ» አልኩ። አሳታሚው ቤት ያለው ቴክኒሻን፣ «እያንዳንዱ ቅጂ የደረሰው ሰው ስውር ምልክት አለበት፤ ከማን እንደወጣ ዛሬውኑ እነግርሃለሁ» አለኝ።

እኔ ግን ምልክት አላስፈለገኝም። የእህቴ ባል ስልክ ጠጋኝ ነው፤ የማይከፍተው ነገር የለም። ባለፈው እሑድ ስለ መጽሐፉ ሳነሳ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ፈገግታውም አላማረኝም። እውነት ለመናገር፣ ፈገግታው አምሮኝ አያውቅም።

ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። ስገባ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«መጽሐፌን የከፈትከው አንተ ነህ?»

«ቀስ በል፣ ሰውዬው ውስጥ ናቸው።»

«የትኛው ሰውዬ? ተባባሪህ?»

«ግባና እያቸው።»

ከጓዳ የማሽን ድምፅ አንድ ነገር ደጋግሞ ያነባል። በሩን በርግጄ ገባሁ። እህቴ ዘንድ የሚኖሩት አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጋዜጣውንም መልእክቱንም ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ስልኩ ነው።

«አንተ ነህ?» አሉ በኮቴዬ አውቀውኝ። «የሰጠኸኝ መጽሐፍ እኮ አልነበብ አለኝ! ስልኩ ሁሉን ያነብልኛል፣ ያንተ ላይ ሲደርስ ጭጭ። ይሄ ልጅ ‹ልጅዎ ይቆጣኛል› እያለ በስንት ልመና ከፈተልኝ። እኔም እንደኔ ለማያዩት ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። አጠፋሁ እንዴ?»

ቁልፉ ጮክ ብሎ ማንበብን እንዲከለክል ያዘዝኩት እኔው ነኝ፤ የድምፅ ቅጂውን በኋላ ለብቻው ልሸጥ አስቤ። አባቴ ትዝ እንኳ አላሉኝም ነበር።

ስልኬ ጠራ። ቴክኒሻኑ ነው። «ምልክቱ ተገኘ! የማን እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም። ክሱን እንጀምር?»

«ክስ የለም። ድምፅ የሚከለክለውን ቁልፍ ግን አንሳው፣ ከሁሉም ቅጂ ላይ።»

የእህቴ ባል በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ዛሬም አላማረኝም።

ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «የት ደረሱ፣ አባባ?»

«ጨርሼዋለሁ። አሁን የመጀመሪያዋን ገጽ ብቻ ነው የምደጋግማት» አሉና ስልኩን ነካ አደረጉት።

«ማንበብ ላስተማሩኝ አባቴ» አለ ማሽኑ።