ጠዋት ጠዋት "አልሐምዱሊላህ"

አባቴን ጀማሉን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት ደግፎ ያመጣው ጓደኛው ሀቢቡ ነው። በር ላይ ቆሞ ሳቁ አላስወራ አለው።

"እኛ ከሱጁድ ተነሳን፣ እሱ ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ ቀረ። ጀማሉ ዛሬ ጀነትን ሳያይ አይነሳም አልን። ኋላ አንኮራፋ።"

አባቴ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አወለቀ።

ሀቢቡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሞተ ብለን ደንግጠን ነበር። ሌሊት አይተኛም እንዴ፣ መሕቡባ?"

"ይተኛል። አሁን ድኗል" አልኩት።

ቱርክ ተምሬ ስመለስ አባቴን ከቸሃ አውጥቼ ወልቂጤ፣ አዲሱ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። የነበረችው ላም እንድትሸጥ ያደረግሁትም እኔው። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ያነበብኩትን ሁሉ ሞከርኩ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ከለከልኩት። ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርገው እየነቀነቅኩ፣ "ቀን ከተኛህ ሌሊቱ አይመጣልህም፣ አባ" እለው ነበር። ጠዋት "እንቅልፍ እንዴት ነበር?" ስለው "አልሐምዱሊላህ" ይለኛል። ዘዴዬን ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ሀቢቡ ሲሄድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ተኝቻለሁ ስትለኝ አልነበር?"

"መቼ?"

"በየጠዋቱ።"

"አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩሽ። የተኛም ያልተኛም ይለዋል። ሰው በሕይወት ካደረ ሌላ ምን ይላል?"

ይህን እኔም ቱርክ ከመሄዴ በፊት አውቀው ነበር። ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ ሌሊቱን ምን ትሆናለህ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ እጋደማለሁ። በሩን ገርበብ አድርገሽ ስታዪኝ ደስ ይበልሽ ብዬ።" ቀጠለ። "እዚያ ላሟ እዚያው እኔ የምተኛበት ቤት ነበር የምታድረው። ስታመሰኳ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። እዚህ ጸጥ ይላል።"

"ቸሃ ልመልስህ?"

ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ዞር ዞር ብሎ አየ። "ለፍተሽበታል። አልሐምዱሊላህ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም፣ አባ። መሄድ ትፈልጋለህ?"

መልሱን ስጠብቅ አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ። እጄ እንደ ልማዱ ትከሻው ጋ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። በረንዳ ወጥቼ ቸሃ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ለአብዱልሃፊዝ ደወልኩ።

"አጎቴ፣ ለአባ መኝታ ታዘጋጅለታለህ? ከላሞቹ ራቅ ሳይል።"

"ከላሞቹ ጋር? ቱርክ ያስተማሩሽ ይሄን ነው?" ብሎ ሳቀ። ኋላ ግን፣ "አምጪው። ቦታው አለ" አለኝ።

ወደ ቤት ስገባ በሩ ጮኸብኝ። አባቴ ብንን ብሎ ቀና አለ፤ ከወንበሩ ሊነሳ እየታገለ በእጁ ዓይኑን ጠረገ።

"አልተኛሁም" አለኝ። "አልተኛሁም፣ ልጄ።"